እኅትህን ይዘህ ና

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በምግብ አዳራሹ በር ተሰልፈን ሳለን፥ ሚድዋይፈሪ በሚያጠና አንድ ጓደኛችን ላይ ሣቅ ተነሣ። ነገሩን የጀመረው አንድ ቀልደኛ ነበር፤ «አንተ ጎረምሳ፥ ነገ የሰው ሚስት ልታዋልድ ነው?» ሲል ጠየቀው። ሌላው ተቀበለና «ምን ያዋልዳል? ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጥሎ ይወጣል፤ ሁሉም እንዲያው ናቸው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ገንዘብ የሌለው ሙያ ነው፤ በቃ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ጓደኛችን ሳሕኑን እንደያዘ ዝም አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሥቄአለሁ። ከተቀመጥሁ በኋላ ግን እንጀራው አልወርድ አለኝ። ስለ አዋላጆች መውጣትና መቆየት በዓይኔ ያየሁት ነገር እያለ፥ እንደማያውቅ ሰው አብሬ መሣቄ አሳፈረኝ። ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎች የማቀርበውም ስለዚህ ነው። የማወራው ስለ አንዲት ሴት ነው፤ እርስዋም ታላቅ እኅቴ ናት።

እኛ ቤት እታለም እንላታለን። በ2011 ዓ.ም. በሚድዋይፈሪ ተመርቃ በምዕራብ አርማጭሆ፥ ከአብደራፊ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደበች። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የምተርከው ነገር በብዙ ሥፍራ የሚደርስ ስለሆነ አንዱን ብቻ ለይቶ ማማት አይገባኝም። አገራችን ዳባት ነው፤ ውርጭ ያለበት ደጋ። ለዳባት ሰው ቆላ ማለት ንዳድ ማለት ነው። በልጅነቴ የሠፈራችን ጎልማሶች ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዱ ነበር፤ ገሚሱ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ ገሚሱ ሰውነቱ መንምኖ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ይመለሳል። ይህ የሆድ እብጠት ካላዛር እንደሚባል፥ የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው፥ ጣፊያን የሚያሳብጥና ካልታከሙት የሚገድል በሽታ መሆኑን የተማርሁት ኋላ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክም መኖሩም በዚሁ ምክንያት ነበር። እናቴ ግን የምታውቀው ንዳድን ብቻ ነው። ልጅዋ ወደዚያ መመደብዋን በሰማች ዕለት እንደ ለቅሶኛ ተቀምጣ ዋለች።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ቤት ገባሁ። እናቴም በሶና አንድ ቅል ቅቤ አስይዛ ወደ እታለም ላከችኝ። መልእክቷ አጭር ነበር። «እኅትህን ይዘህ ና። አራት ዓመት አዋለደች፤ ይበቃታል። የሰው ልጅ ስትቀበል የራስዋ ጊዜ አለፈ። እምቢ ካለችህ፥ እናትሽ ታማለች በላት።» እናቴ አልታመመችም ነበር።

ከጎንደር በትክል ድንጋይ አድርጎ ወደ ሳንጃ የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያሳያል። ጠዋት ጋቢ ተከናንቤ ተሳፈርሁ፤ ሳንጃ ስደርስ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ነበር፤ ቅቤውም ቀልጦ በሶው ላይ ፈሰሰ። ከሳንጃ ወዲያ በአብርሃጅራ በኩል መሬቱ እየሰፋና እየጠቆረ ይሄዳል። ይህ ዋልካ የሚሉት አፈር ነው፤ በበጋ ተሰንጥቆ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎማ ይውጣል። የተሳፈርንበት መኪና ሁለት ጊዜ ተቀርቅሮ በትራክተር ተጎተተ። ሹፌሩ «ሐምሌ ከገባ በዚህ የሚያልፈው ትራክተር ብቻ ነው» ሲለኝ እንደ ጨዋታ ሰማሁት።

እታለም ቀጥናለች፤ ጠቁራለች። በሶውን አይታ እስኪያስላት ድረስ ሣቀች። «እማዬ ቅቤ ወደ አብደራፊ የላከች የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም» አለች። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት።

በወረቀት ላይ ጤና ጣቢያው ሦስት አዋላጆች ነበሩት። አንደኛዋ ራስዋ ልትወልድ ፈቃድ ወስዳ ሄዳ አልተመለሰችም። ሁለተኛው ወንድ ነበር፤ እርሱም ከአምስት ወር በፊት ለቅቆ ጎንደር ገብቷል፤ ስለ እርሱ ኋላ እነግራችኋለሁ። የቀረችው እታለም ብቻ ነበረች። ቀን ነፍሰ ጡሮችን ትመረምራለች፤ ሌሊት ታዋልዳለች፤ በማግስቱ ደግሞ ሌሊት ያደረገችውን በመዝገብ ላይ ትጽፋለች። ተረኛ የሚባል ነገር የለም፤ ዘወትር ተረኛዋ እርስዋ ናት። የምትተኛው በግቢው ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሲሆን መስኮትዋን አትዘጋም ነበር። ስለ ሙቀቱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የሚጠራት ሰው ድምፅ እንዳያመልጣት መሆኑን ነገረችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ መስኮት ዘግታ የተኛችው ለዓመት ፈቃድ ዳባት በመጣች ጊዜ ብቻ ነው።

የሚመጡትም ሴቶች የአገሬው ብቻ አልነበሩም። ለአረምና ለአጨዳ የወረዱትን ሠራተኞች ቀለብ ሊያበስሉ ከደጋ የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ፥ ገዳሪፍ ሲሠሩ የቆዩ የእኛው አገር ሴቶች ነፍሰ ጡር ሆነው ድንበር ይሻገሩ ነበር። ክትትል የሚባል ነገር ያላደረገች፥ ደሟ በወባ ያለቀ፥ ባልዋ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት በመጨረሻዋ ሰዓት በር ላይ ትደርሳለች። ለእነዚህ ሁሉ ስምዋ አንድ ነው፤ ሲስተር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥር መጥቀስ ግድ ይሆንብኛል። በአገራችን በየጊዜው የሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ለየ100,000 ሕያው ውልደት 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ገምቶ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በ2005 እ.ኤ.አ. በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለደችው ከመቶ ስድስት ብቻ ነበረች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ከመቶ ሃምሳ ሆነዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «ቤት አትውለጂ» አሉ፤ ሴቶቹም ሰምተው መጡ። ነገር ግን እስቲ ቁጥሩን ከማዋለጃው ክፍል በኩል ሆነን እንየው። ዱሮ በየጎጆው በየልምድ አዋላጁ እጅ ተበታትኖ የነበረው ምጥ ሁሉ፥ የሞቱም ኃላፊነት ጭምር፥ ተሰብስቦ በአንዲት ሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ወረደ። ሴቶቹን ስንጠራ ትከሻዋን አሰብንላት ወይ? ይህን የምጠይቀው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፥ እኔም ራሴ ያቺን ሌሊት እስካይ ድረስ አስቤው ስለማላውቅ ነው።

ሌሊቲቱ ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነበረች። ለሦስት ቀን ዘንቧል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን አንዲት የአካባቢው ሴት በምጥ ገባች፤ ነገርዋ ደህና ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ደግሞ ከእርሻው ካምፕ አንዲት ወጣት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተኝታ መጣች። ለሠራተኞቹ እንጀራ ስትጋግር የቆየች፥ ከደጋ የወረደች ልጅ ነበረች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰሞኑን ወባ ታማ ነበርና የዓይንዋ ሽፋን ሲገለጥ እንደ ወረቀት ነጭቷል። አብረዋት የመጡት ሴቶች በር ላይ ቆመው «ማርያም፥ ማርያም» ይላሉ።

መብራት ከጠፋ አምስተኛ ቀን ሆኖት ነበር፤ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረም። እታለም ጠራችኝና የስልኬን መብራት ይዤ ከጋራጁ ጀርባ እንድቆም አዘዘችኝ። «ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር፤ እጅህ ብቻ ወደ እኔ ይሁን» አለች። እንዲያ ሆኜ ቆምሁ። ስለዚህ የዚያችን ሌሊት ነገር ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው።

ሕፃንዋ ተወለደች፤ አለቀሰችም። እንግዴ ልጁም ወጣ። ከዚያ በኋላ ውኃ ሲንጠባጠብ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ድምፁም አላቋርጥ አለ።

ከወሊድ በኋላ ማሕፀን እንደ ጭብጥ መጠንከር አለበት፤ ሲጠነክር የደም ሥሮቹን አንቆ ይዘጋቸዋል። ካልጠነከረ ደሙ ይፈስሳል። እንዲጠነክር የሚያደርገው መርፌ ኦክሲቶሲን ይባላል። ይህ መድኃኒት ግን ከቀዝቃዛ ሥፍራ ሲወጣ ኃይሉን ያጣል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ መቀመጥ ይገባዋል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ አምስት ቀን በአብደራፊ ሙቀት የዋለ ኦክሲቶሲን ምን ያህል ኃይል እንደቀረው ጠርሙሱን አይቶ የሚያውቅ የለም። እታለም ወጋቻት፤ ደገመቻት። ሙቀት የሚችለውን የሚዞፕሮስቶል እንክብል ከምላስዋ ሥር አደረገችላት። ግሉኮስ አንጠለጠለች። በመጨረሻ አንድ እጅዋን ከውስጥ፥ አንድ እጅዋን ከላይ አድርጋ ማሕፀኑን ጨብጣ ያዘች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ለልጂቱ ትናገራት ነበር። «አይዞሽ እኅቴ። እዚህ ነኝ። አትተኚብኝ።»

አንድ ደሙ ብዙ የሆነ ሰው ይህን ያህል ፈስሶት ሊተርፍ ይችላል። ወባ ደሟን ያሟጠጠባት ሴት ግን ትርፍ የላትም። የሚያስፈልጋት ደም ነው፤ ደም ደግሞ ያለው በሆስፒታል ነው። አምቡላንሱ ተደወለለት፤ ሹፌሩ መንገዱ ላይ ተቀርቅሮ እንደቆመ ነገረን። የሰማሁት የሹፌር ጨዋታ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትራክተሩን አስነሡ ሲባል ባለ ትራክተሩ ወደ ካምፑ ተመልሷል።

ሊነጋ ሲል የሚንጠባጠበው ድምፅ ቆመ። ቀና ብዬ «ተሻላት?» አልሁ። እታለም አልመለሰችልኝም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሳላይ ብቀር ኖሮ ስለ አዋላጆች የምጽፈው ባልኖረኝ ነበር። እታለም እጅዋን ታጠበች፤ የፕላስቲክ ሽርጥዋን ቀየረች፤ ወደ ሌላይቱ ሴት ሄደች። ያቺኛዋም ጊዜዋ ደርሶ ነበርና። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። እልልታው ሲሰማ የሞተችዪቱ ገና በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ በነጠላ ተሸፍና ነበር። አባትዬው እየሮጠ መጥቶ እታለምን እጅዋን ሳማት። እርስዋም ፈገግ ብላ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችው። ያን ፈገግታ አየሁት። ስንት ዓይነት ትምህርት ይህን ፈገግታ ሊያስተምር እንደሚችል አላውቅም፤ በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ግን አልተጻፈም።

በጤና ጣቢያው እማማ የምንላቸው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሉ። ዱሮ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ወለሉን አጥበው ሲጨርሱ ቡና አፍልተው ከማዋለጃው ጀርባ ከእታለም አጠገብ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔ ሃያ ዓመት ሳዋልድ ሞቱብኝ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንቺን ግን ይጠይቁሻል፤ ስለዚህ ብዪ፤ ሰውነትሽ ይጠንክር» አሏት። እታለምም «እማማ፥ አንቱ ግን ያን ጊዜ ይተኙ ነበር?» አለች። «የት ተኝቼ!» አሉ።

እንዳሉትም ጠየቋት። ከአሥር ቀን በኋላ ሁለት ሰዎች ከአንድ መሥሪያ ቤት መጡ። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል አሠራር አለ። ዓላማው መልካም ነው፤ እናት ስትሞት ምክንያቱን መርምሮ ሌላዪቱን ለማዳን እንጂ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም ይላል። እነዚያ ሰዎች ግን በመጀመሪያ የጠየቁት ፓርቶግራፉን ነው። ፓርቶግራፍ የምጡ ጉዞ በየሰዓቱ የሚሰፈርበት ወረቀት ነው። የሁለት ሰዓት ያህል ቦታ ባዶ ነበር። «ለምን አልተሞላም?» አሏት። እርስዋም «ያለኝ ሁለት እጅ ነው» አለች። ይህም ተጻፈ። ስለ ማቀዝቀዣው የጠየቀ አልነበረም፤ እርስዋ ራስዋ አንሥታው «እርሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው» ተባለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወባ መከላከያ አጎበሩ ውስጥ ተቀምጠን የእናቴን መልእክት አወጣሁት። እናቴ ታማለች የሚለውን ውሸት ግን አፌ እምቢ አለኝ፤ እውነቱን ነገርኋት። «እታለም፥ ለምን አትሄጂም?» አልኋት። የሰጠችኝን መልስ እንዳለ ልጻፈው። «ብሄድ እዚህ መስኮት ሥር መጥታ የምትጠራ ሴት ማንን ታገኛለች? አንደኛው ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዝውውር ሦስት ጊዜ ጠይቄ ተተኪ የለም ተብያለሁ። መልቀቂያ ሳልይዝ ብወጣ ሌላ የመንግሥት ቤት አይቀጥረኝም። የትርፍ ሰዓት ክፍያዬም ለስምንት ወር አልተከፈለኝም፤ ብሄድ ይቀራል። እንግዲህ ወንድሜ፥ ከእነዚህ የትኛው እንደያዘኝ እኔም አላውቀው።»

እኛ ተማሪዎች በሙያው ላይ የቆየውን ሁሉ ጀግና፥ የወጣውን ሁሉ ከሃዲ ለማድረግ እንቸኩላለን። እኅቴ ግን ሁለቱንም ስም አልቀበልም አለች። መቆየት ሁሉ ፍቅር አይደለም፤ አንዳንዱ መቆየት መታሰር ነው። በዚያችው ሴት ልብ ውስጥ ሁለቱ ተቃቅፈው ይኖራሉ።

ያ ጎንደር የገባው ወንድ አዋላጅስ? ስመለስ ፈልጌ አገኘሁት። ከአጎቱ ጋር የስልክ ዕቃ ይሸጣል። በሙያው ጎበዝ እንደነበረ እታለም ነግራኛለች፤ ሴቶቹም በመጀመሪያ ወንድ ነው ብለው ቢሸሹት ኋላ ግን በስሙ ልጅ እስከ መሰየም ደርሰው ነበር። ለምን እንደወጣ ስጠይቀው ደመወዙን ያነሣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን «ሌሊት መተኛት ፈለግሁ» አለኝ። ቀጥሎም ሳልጠይቀው፥ ከሁለት ዓመት በፊት በእጁ የሞተችውን ሴት የለበሰችውን ቀሚስ ቀለም ነገረኝ።

ገንዘቡ ምክንያት አይደለም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ማለት የጠገበ ሰው ስብከት ይሆናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገራችን ጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የራስዋን ቤት ኪራይ መክፈል ያቃታት ሴት የሰው ልጅ በሰላም ልትቀበል አይቻላትም። እኔ የምለው ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም ነው።

ይህን የሚመስል ነገር ሀብታም በሆነ አገርም ተጠንቷል። በእንግሊዝ አገር ማቪስ ከርካም የተባሉ ራሳቸው አዋላጅ የሆኑ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. አዋላጆች ለምን ይወጣሉ፥ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለምን ይቆያሉ ብለው ሁለት ጥናቶች አወጡ። የመውጣት ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘው፥ እንዲሠሩ የታዘዙበት አኳኋን እንደተማሩት ለመሥራት የማያስችላቸው መሆኑ ነበር። የቆዩትስ? ከእናቶቹ ጋር ያላቸው ግንኙነትና አጠገባቸው ያለው የሥራ ባልደረባ ይዞአቸው ነው። በእንግሊዝ አገር ዋልካ የለም፤ ማቀዝቀዣውም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ማዳን እንደሚችሉ እያወቁ ብቻቸውን ቆመው የማይችሉበት ሰዓት። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ድርጅትና ተባባሪዎቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ ዓለም 900,000 አዋላጆች እንደሚጎድሏት ተነግሯል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ያልሠለጠነ፥ ስንቱ ሠልጥኖ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። በእኛም አገር ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ አዋላጆች ሞልተው ሳለ፥ አንዲት ሴት የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራለች።

ነገሩ ብቸኝነት ነው የምለው ከባዶ ተነሥቼ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖንን ትእዛዝ እምቢ ያሉት ሲፓራና ፉሐ የሚባሉ አዋላጆች ናቸው። ቄሱ ሲያነቡት ድፍረታቸው ይገርመኝ ነበር፤ አሁን የሚገርመኝ ሁለት መሆናቸው ነው። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የሠለጠኑት ጤና መኮንን፥ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር። ያን ኮሌጅ ያቆሙት ሰዎች አንድን ወጣት ብቻውን ወደ ገጠር መላክ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቁ አልቀሩም።

እኔ ከአብደራፊ የወጣሁት ሐምሌ ሳያልቅ ነው፤ እኅቴን ሳልይዝ። አራተኛውን የዝውውር ማመልከቻዋን ግን ይዤ፥ ለሚመለከተው ክፍል ሰጥቼላታለሁ። እናቴ ብቻዬን ስገባ አይታ ፊትዋን አዞረች። ወዲያው በነሐሴ በክልላችን ውጊያው ተነሣ፤ መንገዱ ይዘጋል፥ ይከፈታል፥ ደግሞ ይዘጋል። መድኃኒት የሚደርሰው ሲገኝ ሆነ። በዚያ ሁኔታ እታለም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየች።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ወጣች። ዝውውሩ ተፈቅዶ አልነበረም። ያለ መልቀቂያ፥ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያዋ፥ በአንድ የእህል መኪና ጋቢና ተሳፍራ መጣች። አሁን ጎንደር በአንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች፤ መርፌ ትወጋለች፥ የደም ግፊት ትለካለች። ማዋለድ የለም። እናቴ ደስ ብሏታል። እኔም ዕረፍት ስሆን ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ከእርስዋ ጋር አድራለሁ፤ በመካከላችን ያለው የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። መስኮትዋን ዘግታ ትተኛለች።

ነገር ግን ከመውጣትዋ በፊት በማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ የስልክ ቁጥርዋን በማርከር ጽፋ ነበር። በእርስዋ ቦታ የገባችው አዲስ ተመራቂ ልጅ ነች፤ ተያይተው አያውቁም። ባለፈው ጊዜ እዚያ ባደርሁበት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እታለም በአንድ ጥሪ ተነሣች፤ እንቅልፍ የነበራት አትመስልም። በጣውላው በኩል ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር።

«አይዞሽ፤ አትሩጪ። እጅሽን ሆድዋ ላይ አሳርፊ። ጠንክሯል ወይስ ለስልሷል? ... ለስልሷል። እሺ። አጠገብሽ ማን አለ? እማማ አሉ? ጥሪያቸው። መብራቱን እርሳቸው ይያዙ። ስልኩን አትዝጊው፤ መሬት ላይ አስቀምጪው፤ እኔ እዚህ ነኝ።»